የባርኔጣው ዕጣ

በየወሩ መጨረሻ ሦስቱ ልጆች አባታቸው አልጋ አጠገብ ተሰብስበው በባርኔጣ ዕጣ ይጣጣላሉ። ምልክት ያለበት ወረቀት የደረሰው ወሩን ሙሉ ከአባትየው ጋር ይከርማል፤ ሌሎቹ ወደየቤታቸው ይሄዳሉ።

ዕጣው ታላቁን ልጅ ለቆት አያውቅም። መምህር ነው፤ የሚያስተምረውም፣ የእግዜር ቀልድ ሆኖ፣ ይሁንታን፣ የዕድልን ሒሳብ ነው። ለተማሪዎቹ «ዕጣ ትዝታ የለውም፤ ያለፈው ካሁኑ ጋር አይተዋወቅም» ይላቸዋል። ቤት ሲገባ ግን እሱን ብቻ የሚያስታውስ ዕጣ ይጠብቀዋል። የመድኃኒቱ ሽታና ግድግዳ ብቻ የምታሳየው መስኮት ትንፋሽ አሳጥረውታል።

አሁን ደግሞ በሌላ ከተማ ያለ ትምህርት ቤት ፈልጎታል። ሰኞ ካልደረሰ ቦታው ለሌላ ይሰጣል።

ወረቀቱን የሚያድሉት አባትየው ናቸው። ዓይናቸው ከጠፋ ወዲህ ከእሳቸው የበለጠ የማያዳላ ከየት ይመጣል? ልብስ ሰፊ ነበሩ፤ ዛሬም የገባውን ሰው የሚለዩት የኮቱን ጠርዝ ዳብሰው ነው። ታላቁ ሲቀርላቸው ምግብም እንቅልፍም ይስማማቸዋል።

መምህሩ ነገሩን በሙያው መረመረው። ሁለት ተለዋዋጮች አሉ፦ ወረቀቱን ማን ጻፈ፣ ዕጣው በማን ወጣ? ካልተገናኙ፣ አንዱን ማወቅ ስለ ሌላው ምንም አይናገርም። እህቱ ስትጽፍ በእሱ ወጣ። ወንድሙ ሲጽፍም በእሱ ወጣ። እሱ ግን ጽፎ አያውቅም። ተመሳጥረውብኛል አለ፤ የገዛ እህትና ወንድሙ ናቸውና ሆዱ ቆሰለ።

«ዛሬ እኔ ነኝ የምጽፈው» አላቸው።

እህቱና ወንድሙ ተያዩ። «ጻፍ እንጂ ጋሼ፣ ማን ከለከለህ?» አለች እህቱ። መተያየታቸውን በልቡ ያዘ።

ወረቀቶቹን እኩል ቆረጠ። በኋላ ማንም እንዳይክደው፣ ብዕሩን አጥብቆ ተጭኖ በአንዱ ላይ መስቀለኛ ምልክት አደረገ። እያንዳንዱን አንድ ጊዜ አጥፎ ባርኔጣው ውስጥ ጨመራቸው። ሻንጣው ከጠዋት ጀምሮ በር ላይ ቆሟል።

አባትየው ወረቀቶቹን አማስለው አደሉ። መጀመሪያ ለእህቱ፣ ቀጥሎ ለወንድሙ፣ የመጨረሻውን ለእሱ።

ገለጠው። የገዛ ምልክቱ ነበር።

ሁለቱ ባዶ ወረቀታቸውን አሳይተው፣ አይዞህ ብለው ወጡ። እውነትም ያዘኑ ይመስሉ ነበር። መምህሩ ሻንጣውን መልሶ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠ።

«አባባ፣ እኔ ራሴ ጽፌው እንዴት እንዲህ ይሆናል?» አለ። ድምፁ ሊያለቅስ የደረሰ ሰው ድምፅ ነበር።

አባትየው እጁን ፈልገው አገኙና የያዘውን ወረቀት ጀርባ በአውራ ጣታቸው ቀስ አድርገው ዳበሱት።

«ልጄ፣» አሉ፣ «ያንተ ጽሕፈት ከእነሱ ይልቅ ለጣት ይመቻል።»