የአያቷ ሚዶ

በቤተ መዛግብት ጉብኝት የሟች ዕቃ የነካ ተማሪ እስኪታጠብ ድረስ እጁ የሟቹ እጅ ይሆናል፤ ታሪክ የሚጠናው እንዲህ ነው። «ሳይታጠብ ያደረ እጅ ግን አይመለስም፤ ትምህርት ቤቱም አይጠየቅበትም» ብለዋል መምህሩ ለወላጆች።

ሐመልማል የነካችው የሟች አያቷን፣ የእናቷን እናት፣ ሚዶ ነበር። ማታ ሹሩባ መሥራት የማታውቀው ልጅ የእናቷን የስንዱን ጸጉር ትጎነጉን ጀመር። ጣቶቹ ከጆሮዋ ጀርባ ያለችውን ጠባሳ እንደ ድሮው በቀስታ አለፏት። ስንዱ ዓይኗን ጨፈነች።

«እማ፣ ሳሙናው የት ሄደ?» አለች ልጅቷ እያዛጋች።

«አልቋል የኔ ቆንጆ፤ ነገ ይገዛል።»

«ነገ ፈተና አለኝኮ። እነዚህ እጆች ደግሞ እርሳስ አያውቁም።»

ጣቶቹ የመጨረሻዋን ሹሩባ ቋጠሩ። ከዚያ ቀጥ ብለው ወደ ስንዱ ቀሚስ ኪስ ገቡና ሳሙናውን አወጡት፤ ስንዱ በልጅነቷ ስኳር ስትሰርቅ ያደርጉ እንደነበረው።