ጅቡ ስልክ አነሳ

ማርላ ቁጥሩን እስከ ግማሽ ደውላ ስልኩን መልሳ ዘጋችው።

«አየሽ፣ አንቺም ልክ እንዳልሆነ ታውቂዋለሽ» አላት ሬጂ። የአውቶቡስ መካኒክ ነው፤ በረዶውን ሰንጥቆ የመጣው እሷን ለማስቆም ነው። «ምለናል እኮ። የማንንም እውነተኛ ስም አናወጣም፣ ማንም ቤት አንደውልም።»

«ከጠፋ ዐሥራ አንድ ቀኑ ነው ሬጂ።»

«ሰው ዕረፍት አይወጣም?»

«ዊንስሎ? በስድስት ዓመት አንድም ቅዳሜ ቀርቶ አያውቅም።»

ዊንስሎ ጅብ ነው። ማርላና ሬጂ ዩኒቨርሲቲ ሳሉ፣ ማንም በማይፈልገው አሮጌ ኮምፒውተር ላይ አንድ ወንዝና አንድ ጥድ ጽፈው በጀመሩት ዓለም ውስጥ ማለት ነው። ሥዕል የለውም፣ ድምፅ የለውም፤ ሁሉም ነገር ጽሑፍ ነው። የሚገባ ሰው የሚወደውን እንስሳ ሆኖ ይገባል፤ «ወንዙ ዳር ተቀመጠ» ብሎ ከጻፈ ተቀምጧል። ማርላ ጃርት ናት፣ ሬጂ ተኩላ። ዊንስሎ ደግሞ ቅዳሜ ቅዳሜ ከሰዓት ወንዙ ዳር ተረት ያወራል። ጣቱ ላይ ማር ያለ ይመስል ማንም እንደሱ ጨዋታ አይችልበትም።

መሐላውም ያለ ምክንያት አልመጣም። በሁለተኛው ዓመት አንድ ተንኮለኛ የአንዷን ጥንቸል መሥሪያ ቤት ፈልጎ ደወለና «ሠራተኛችሁ እንስሳ ነኝ የምትል ናት» አለ። ልጅቷ ከሥራ ተባረረች። ከዚያ ወዲህ የሁሉም ስምና ስልክ ማርላ መሳቢያ ውስጥ በተቆለፈ ደብተር ነው ያለው። ዛሬ ደብተሩ ጉልበቷ ላይ ተከፍቷል። የዊንስሎ እውነተኛ ስም ሐርላን ስትሮም ነው፣ ከተማው ዱሉዝ።

«ሞቶ ቢሆንስ?» አለች። «ብቻውን የሚኖር ሰው ቢሆን፣ ማን ይነግረናል?»

ሬጂ ኮፍያውን አውልቆ ጭኑ ላይ አስቀመጠ። «ደውይ» አላት።

ስልኩ ዘጠኝ ጊዜ ጠራ። ከዚያ ቀጭ የሚል ድምፅ ተሰማ።

«ሄሎ፣ ሚስተር ስትሮም ነዎት? አያውቁኝም፣ ይቅርታ። ማርላ እባላለሁ። ከ... ከወንዙ ዳር።»

ትንፋሽ ብቻ ተሰማ።

«የሚያሾፍ ሰው ነው፣ ዝጊው» አለ ሬጂ በሹክሹክታ።

አልዘጋችውም። ከባድ በር የሚገፋ ሰው ትንፋሽ ነበር።

«ጃ... ጃ... ጃርቷ ነሽ?» አለ በመጨረሻ አንድ ያረጀ ድምፅ።

ማርላ ስልኩን በሁለት እጇ ያዘች። «አዎ። አዎ፣ እኔ ነኝ። ደህና ነዎት?»

«አ... አንተ በይኝ እንጂ። ስ... ስድስት ዓመት አንተ ስትይኝ ኖረሽ።»

ሬጂ ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ። ትከሻው ሲወርድ ታያት።

ነገሩን ቀስ እያለ፣ ቃል በቃል እየታገለ ነገራት። ፖስታ ቤቱ ደጃፍ በረዶ አንሸራትቶት የሁለቱም እጆቹ አንጓዎች ተሰብረዋል፤ እጁ እስከ ክርኑ ጀሶ ነው። አሁንም ስልኩን የከፈተው የድምፅ ማጉያውን ቁልፍ በአፍንጫው ተጭኖ ነው። እህቱ ጠዋትና ማታ እየመጣች ታጎርሰዋለች።

«ታዲያ እህትህ መልእክት ብትጽፍልንስ?»

«ም... ምን ብዬ ልንገራት? ወ... ወንድምሽ ጅብ ነው ልበላት?»

ማርላ እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች። እሱም ሳቀ፤ ሳቁ ላይ አይንተባተብም።

«እ... እንግዲህ ሰማሽኝ» አለ። «ስ... ስልክ የማልወደው ለዚህ ነው። እዚያ ግን ጣ... ጣቴ አይንተባተብም።»

ኮምፒውተሩ የሚገናኝበት የስልክ መስመር ሌላ ስለሆነ ስክሪኑ ከፊቷ በርቷል። «ዛሬም ቅዳሜ ነው» አለችው። «ሠላሳ ስምንት ሆነው ወንዙ ዳር እየጠበቁህ ነው። አንተ ተናገር፣ እኔ እጽፍልሃለሁ። አስተካክዬ እጽፈዋለሁ።»

«አ... አታስተካክዪው። እንደሚወጣው ጻፊው።»

ሬጂ ቀና ብሎ አያት። ማርላ ስልኩን በጉንጯና በትከሻዋ ይዛ ጻፈች፦ ዊንስሎ ስልክ ላይ ነው፣ እንዲህ ይላል፦ «እ... እ... እኔ ነኝ። ደ... ደህና ነኝ።»

ስክሪኑ ተንጫጫ። ጥንቸሏ ሦስት ጊዜ ዘለለች። ሁለት ቀበሮዎች ተቃቀፉ። አንድ ድብ አለቀሰና ማልቀሱን ካደ። ከመሀል አጋዘኑ እንዲህ ብሎ ጠየቀ፦ «ዊንስሎ፣ ፊደሉን ምን ያደጋግምሃል?»

ማርላ ልትዘለው ፈለገች። አነበበችለት።

«ሁ... ሁልጊዜም እንዲህ ነው የማወራው» አለ፤ እሷም ጻፈችው።

ከዚያ ጥንቸሏ ሣሩ ላይ ተቀመጠች። ድቡ ተቀመጠ። ቀበሮዎቹ፣ አጋዘኑም ተቀመጡ። «ተረቱን ጀምር፣ ጊዜ አለን» ብሎ ጻፈ አንዱ።

«ከ...» አለ ዊንስሎ፤ ጻፈችው። «ከ... ከ...»

ቃሉ አልወጣ አለ። የማርላ ጣቶች ፊደሎቹ ላይ እንደተንጠለጠሉ ቀሩ፤ ስክሪኑ ላይ፣ በየከተማው በተበተኑ ሠላሳ ስምንት ሰዎች መሀል፣ ሁሉም ቃሉ እስኪወጣ እየጠበቁ፣ አንዲት ፊደል የነካ አልነበረም።