ከሁለቱ ወንበሮች መሃል

ዳገቱ ላይ ሲደርሱ ሞተሩ አንድ ማርሽ ወርዶ አጓራ። ያለው ከሁለቱ የፊት ወንበሮች መሃል፣ ምንጣፍ በለበሰ ጉብታ ስር ነውና ዊላ ጉልበቷ ላይ ያኖረችው ቦርሳ ሳይቀር ተንቀጠቀጠ። ባሏ ዱዌን መሪውን እንደጨበጠ ፈገግ አለ። ከጠዋት ጀምሮ ጥርሱን ስታይ የመጀመሪያዋ ነው።

«ሰማችሁት አይደል?» ብሎ ጮኸ ሻጩ ሬክስ፣ ከኋላቸው የምግብ ጠረጴዛው ጋ ተቀምጦ። «ቤንዚን ዳገት ላይ እንዲህ ነው! ያማርራል እንጂ አይለግምም!»

«ይጩኻ! ምን አለበት!» አለ ዱዌን።

ከሻጩ ግቢ ዞር ዞር ብለው የመረጡት አልጋና ምድጃ ያላቸው፣ እየነዱ የሚኖሩባቸው ሁለት መኪና ቤቶች ነው፤ አንዱ በናፍጣ፣ አንዱ በቤንዚን የሚሄድ። እንደ ከተማቸው እንደ ፖካቴሎ ጡረተኛ ሁሉ በረዶው ሳይጥል ቤታቸውን ቆልፈው ወደ ሞቃቱ አሪዞና ሊወርዱበት ነው። የናፍጣውን ቀድመው ሞክረውታል። የእሱ ሞተር ከኋላ፣ ከአልጋው ስር ስለሆነ ፊት ለተቀመጠ ሰው የሚሰማው የጎማው ሹክሹክታ ብቻ ነው። ሬክስ ገና ሳይነሱ ቀልዶባቸው ነበር፤ «አለቃ፣ ምስጢሩን ልንገርዎት። ናፍጣውን የሚገዛ ከሚስቱ ጋር የሚያወራው የቀረው ሰው ነው። ቤንዚኑን የሚገዛ አውርቶ የጨረሰ ነው።»

ዊላ ስቃለች። እነሱ እንኳን ሊጨርሱ መቼ ጀመሩና።

ዱዌን ዕድሜውን የፈጀው ከባድ መኪና ከነተሳቢው ሲነዳ ነው። ልጃቸውን ክሌተንን ያሳደገችው እሷ ናት፤ አባትየው ከየመንገዱ የሚልከውን ፖስት ካርድ ማቀዝቀዣው በር ላይ እየለጠፈች። ዱዌን ጡረታ የወጣ ዕለት በተደረገው ግብዣ ላይ ክሌተን እስቲ ስለ አባትህ አንድ ነገር በል ተባለ። ብርጭቆውን አነሳና፣ «አባቴን በደንብ አውቀዋለሁ፤ የእጅ ጽሕፈቱ ቆንጆ ነው» አለ። ሰው ሁሉ ሳቀ። ዱዌን ግን አልሳቀም። ከዚያ ወዲህ አባትና ልጅ ቃል አልተለዋወጡም። ክሌተን ታኮማ ከተማ ላይ አግብቶ ሴት ልጅ ወለደ፤ ልጅቷ እግር ተክላ መሮጥ ስትጀምር እንኳ አያትየው አላያትም።

ዊላ ጉዳዩን ለሰው አላወራችውም። ማታ ስትተኛ የምትለው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ «ጌታ ሆይ፣ ወጥቶ የማይሄድበት ጠባብ ቦታ ውስጥ ከእኔ ጋር አስቀምጠው።» ዱዌን በገዛ አፉ መኪና ቤት እንግዛ ያለ ቀን ጸሎቷ የተሰማ መሰላት።

እናም ቅድም፣ የናፍጣው ውስጥ፣ በዚያ ሁሉ ጸጥታ፣ ድምፅዋን ሳታነሳ፣ «አሪዞና ከመውረዳችን በፊት በታኮማ ዞር ብንልስ? ክሌተን ኑ ብሏል። ልጅቷንም ታያታለህ» አለችው።

የዱዌን ጆሮ ቀላ። ያገኘው የመጀመሪያ መታጠፊያ ላይ አዞረና ዳገቱን እንኳ ሳይሞክረው ወደ ሻጩ ግቢ መለሰው። «ይሄ ይበቃኛል» አለው ሬክስን። «እስቲ ቤንዚኑን።»

አሁን ዳገቱ እየበረታ መጣ። ዊላ ወደ ጉብታው ተጠጋች።

«ዱዌን! የዋጋውን ልዩነት ከእናቴ መሬት ሽያጭ እኔ እሞላዋለሁ! የናፍጣውን እንውሰድ!»

በጣቱ ጆሮውን አሳያትና ራሱን ነቀነቀ።

«ክሌተን እየጠበቀን ነው አልኩህ!»

«ምን?»

«ልጅህ!»

«ኧረ አይሰማም፣ አሮጊቴ!» አለ፣ ደስ ብሎት። ነዳጁን ጨመረበት።

ዊላ ፊቱን አየችው። ይህን ፊት ታውቀዋለች። ዘመኗን ሙሉ ከወጥ ቤቱ መስኮት ያየችው ፊት ነው፤ ሻንጣውን ወርውሮ፣ በሩን ዘግቶ፣ ሞተሩን ሲያስነሳ የሚመጣው፣ ከሸክም የተገላገለ ሰው ፊት። ያኔ ግን እሷ መስኮቱ ጋ ነበር የምትቀረው። አሁን አብራው ልትሄድ ነው።

ጫፉ ላይ ከመንገዱ ወጣ ብሎ አቆመና ሞተሩን አጠፋው። ጸጥታው ከውጭ እንደሚገባ ብርድ ቀስ እያለ ሞላቸው። ዊላ ከንፈሯን ከፈተች።

ሬክስ ቀደማት። «እህስ አለቃ፣ የትኛው ሆነ?»

«ይሄ» አለ ዱዌን፣ ከመሪው በላይ ያለውን ዳሽቦርድ እንደ ፈረስ አንገት መታ መታ እያደረገ። «አንድ ነገር ብቻ ታስተካክልልኛለህ።»

«ይዘዙኝ።»

«ከኋላ፣ ከመታጠቢያ ቤቱ አጠገብ ያለው የላይኛው ሳጥን መቀርቀሪያው ላልቷል። ዳገቱን ሙሉ ቀጭ ቀጭ ሲል ነበር።»

ሬክስ ሳቀ። «በዚያ ጩኸት? እኔ ከእናንተ ይልቅ ቀርቤው ተቀምጬ መች ሰማሁት! እመቤቴ፣ ይህን ሰውዬ ከኋላው ሆነው እንዳያሙት!»

«የሾፌር ጆሮ ነው» አለ ዱዌን። «ሞተሩ የፈለገውን ያህል ቢጮህ አያመልጠውም።»

ዊላ ቀበቶዋን ፈታች። በሬክስ አጠገብ አልፋ፣ ምድጃውን አልፋ፣ እስከ መታጠቢያ ቤቱ ሄደች። መቀርቀሪያው የጥፍር ያህል ነው። በአውራ ጣቷ ነካ አደረገችው።

ቀጭ አለ።

«አዎ» አላት ዱዌን ከፊት፣ ዞር ሳይል። «እሱ ነው።»