ለድራንጎቭ የዘገየው ውሃ

ማርች አንድ፣ እንደ አገራችን ልማድ ሁላችን የጸደይን መግቢያ ለማክበር ቀይና ነጭ ክር ደረታችን ላይ ባሰርንበት ቀን፣ የምክር ቤቱ አባል ድራንጎቭ እኔ የአዳራሹ ተላላኪ ያቀረብኩለትን የውሃ ብርጭቆ አሸተተና «አንተ፣ በግ ስታልብ ቆይተህ ነው የመጣኸው?» ብሎ ጉባኤውን አሳቀብኝ።

በሳምንቱ እዚያው መድረክ ላይ ትን ብሎት እጁን ሲያወዛውዝልኝ፣ ውሃውን ይዤ ሆን ብዬ ተንቀራፈፍኩ። ስደርስ ሕይወቱ አልፋ ነበር። ሐኪሙ «ልቡ ነው» አለ፤ እኔ ግን አውቃለሁ።

ዛሬ ስብሰባው ተበትኖ አዳራሹ ባዶ ሲሆን ቃለ ጉባኤ ጸሐፊዋ ወይዘሮ ኔዴልካ ጠራችኝ።

«ጋሽ ቬልኮ፣ በየቀኑ ከድምፅ ማጉያው እየሰማሁ በምጽፈው ውስጥ ‹ቬልኮ፣ ውሃ› የሚል ጥሪ ይገባል። ማነው የሚጠራዎት?»

«እኔ ምን አውቄ! ጆሮሽን ታጠቢ።»

ማይክሮፎኑ ተዘግቷል። ድምፅ ማጉያው ግን በድራንጎቭ ድምፅ፣ በሕይወቱ አክብሮኝ በማያውቅ ሰው ድምፅ፣ «ጋሽ ቬልኮ፣ እባክዎ» አለ።

ኔዴልካ አፏን በእጇ ያዘች። እኔ ጀርባዬን ሰጥቼ ወጣሁ።