የረቡዕ ሾርባ

የሥነ ምግብ ባለሙያዋ የእናቴን የምግብ ደብተር በጣቷ እየተከተለች ታነባለች፤ እኔ ጫማዬን አያለሁ። እናቴ ሻርፗን አጥፋ ጉልበቷ ላይ አድርጋ ከጎኔ ተቀምጣለች። ሰኞ አጃ በወተት፣ ማክሰኞ የተቀቀለ ዓሣ፣ ረቡዕ የዶሮና የካሮት ሾርባ። ሁሉንም የጻፍኩት እኔ ነኝ። የጻፍኩትም ዛሬ ጠዋት፣ አውቶቡስ ውስጥ።

"ጎበዝ" ትለኛለች ባለሙያዋ፣ "ልክ እንዳልኩሽ ነው የሠራሽው።" ልክ እንዳለችው ባይሆን ነበር የሚገርመው፤ ምግቦቹን የገለበጥኳቸው እሷው ከሰጠችን ወረቀት ላይ ነው።

ይቺ ሴት እንደ ሌሎቹ ወደ ክኒን አትቸኩልም። የሕመሙን ሥር ከሰውየው ኑሮ ነው የምትፈልገው፤ ምን እንደበላ፣ ስንት ሰዓት እንደተኛ፣ ምን እንደሚያስጨንቀው ትጠይቃለች። ደብተሩንም በአራት ከፍላ ያሰመረችልን እሷ ናት፦ ምን ተበላ፣ መቼ፣ ከማን ጋር፣ ከዚያ በኋላ ምን ተሰማ። "ከማን ጋር" በሚለው ሥር ከላይ እስከ ታች "ከልጇ ጋር" ብዬ ሞልቼዋለሁ።

ልብስ ሰፊ ነኝ። ትምህርት ቤት ሊከፈት ሲል የደንብ ልብስ ይጎርፍብናል፤ ይህን አንድ ወር ቤት የምገባው እናቴ ከተኛች በኋላ ነው። ዓሣውን ነገ እገዛለሁ፣ ካሮቱን ነገ እልጣለሁ ስል ነገ ነገን እየወለደ እዚህ ደረስን። እሷ አንድም ቀን አልጠየቀችኝም። ብትጠይቀኝ እቆጣት ነበር፤ ይህንንም አሳምራ ታውቃለች።

ባለሙያዋ እናቴን ሚዛን ላይ ታወጣትና ቁጥሩን ሁለቴ ታያለች። ሦስት ኪሎ ቀንሳለች። ይህን ሁሉ እየበሉ መክሳት ጥሩ ምልክት አይደለም፣ ሰውነታቸው ምግቡን አይዝም ማለት ነው ትለናለች። ከእንግዲህ በምግብ ብቻ የሚሆን አይደለምና ሆስፒታል ገብተው፣ በጉሮሯቸው ቱቦ ወርዶ ጨጓራቸው ይታይ ትላለች። እናቴ ክኒን እንኳ ሁለት ብርጭቆ ውሃ ካልጠጣች የማይወርድላት ሰው ናት። ጣቶቿ የሻርፗን ዘርፍ መምዘዝ ይጀምራሉ።

አሁን እውነቱን ትናገራለች እላለሁ በልቤ። ተናግራ በገላገለችኝ።

"እማማ፣ ከዚህ ሁሉ የተስማማዎት የቱ ነው?" ትላታለች ባለሙያዋ።

እናቴ አንድ አፍታ ታየኛለች። "የረቡዑ ሾርባ" ትላለች።

ከዚያማ ማን ያቁማት። ካሮቱ ደቆ የተከተፈ ነው፣ ዶሮው ከአጥንቱ ተለይቷል፣ ከላይ ሎሚ ጠብ ተደርጎበታል። ትኩስ ስለነበረ እፍ እፍ እያለች ነው የበላችው። "ጨው ብቻ ትንሽ አነሰው" ትላለች፣ "እሷ ድሮም ጨው ላይ እጇ ያጥራል።" ባለሙያዋ ትስቃለች። እኔም ሳላፍር እስቃለሁ። "እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል" እያለች ያሳደገችኝ ሴት ለእኔ ስትል ያልቀመሰችውን ሾርባ ታጣጥማለች። አንጀቴን በላችው።

"ይሄን በልተው ከከሱማ ነገሩ ከበድ ይላል" ትልና ባለሙያዋ የሆስፒታሉን ወረቀት ትስባለች። "ማክሰኞ ጠዋት ይግቡ፤ ከዋዜማው ጀምሮ እህል እንዳይቀምሱ።"

"እሺ ልጄ፣ ካልሽ እገባለሁ።" ድምጿ ቀጥኗል።

እስክሪብቶው የእናቴን ስም ጽፎ ወደ አባቷ ስም ሲሻገር፣ "አልሠራሁላትም" እላለሁ።

ሁለቱም ያዩኛል።

"ሾርባውን አልሠራሁላትም። ዓሣም አልገዛሁም። አንዱም የለም። ከራሴ ነው የጻፍኩት።"

"ደክሟት ነው፣ አትስሚያት" ትላለች እናቴ ፈጠን ብላ።

ስድብ እጠብቃለሁ፤ ቢመጣ ደስ ይለኝ ነበር። ባለሙያዋ ግን የሆስፒታሉን ወረቀት ወደ ዳር ትገፋለች፣ ከደብተሩ አዲስ ገጽ ትገልጣለች፣ በማስመሪያ አራት ቦታ ትከፍለዋለች። ከዚያ ደብተሩንም እስክሪብቶውንም ወደ እኔ ታዞራለች። "እማማ ይናገሩ፣ አንቺ ጻፊ። ስለ ቱቦው ከዚያ በኋላ እንነጋገራለን።"

"ሰኞ?" ብዬ እጠይቃለሁ፤ ቀና ብዬ አላያትም።

"ሻይ በዳቦ።"

"ከማን ጋር?"

"ከሬዲዮው ጋር በይ።" ልታስቀኝ ነው፤ አውቃለሁ። "ከሬዲዮ" ብዬ እጽፋለሁ። ማክሰኞም ሻይ በዳቦ፣ ማክሰኞም ከሬዲዮ። ፊደሉ መስመሩን እየሳተ ይወርዳል።

"ረቡዕስ?"

እናቴ ሻርፗን ትዘረጋዋለች፣ መልሳ ታጥፈዋለች።

"ረቡዕ እንኳ አልበላሁም" ትላለች። "ጠዋት ስትወጪ ዛሬ በጊዜ እመጣለሁ ብለሽኝ ነበር። አብረን እንበላለን ብዬ ሳህን አውጥቼ ስጠብቅሽ እንቅልፍ ጣለኝ።"

ሁለት ሳህን ነበር። ያን ሌሊት ስገባ ጠረጴዛው ላይ አይቻቸዋለሁ። ታጥበው የተረሱ መስለውኝ፣ እያጉረመረምኩ መደርደሪያው ላይ መለስኳቸው።