ፀሐይ ላይ የዋሉት ድንጋዮች

የየቤታችን ዜና ነጋሪ ማሽን ለሰሚው ደስ የሚለውን ብቻ ያወራል። ለሁሉም እኩል የሚናገሩት አሮጌዎቹ ትራንዚስተር ሬዲዮኖች ናቸው። እነሱን እሰበስባለሁ። ጀርባቸውን አንብቤ የትኛው መቼ እንደተሠራ ለማወቅ ብዬ ነው በዚህ ዕድሜዬ መሠረተ ትምህርት የገባሁት።

ልጄ እናትነሽ ወረርሽኝ የገባበት ቆላ ናት። ስለዚያ ወሬ የማምነው ባለ ስምንት ትራንዚስተሩን፣ የቆዳ ልብስ ያለውን ሬዲዮኔን ብቻ ነው።

ዛሬ የባትሪ ድንጋዮቹ ደክመው ይሆናል ብዬ አወጣኋቸውና ፀሐይ ላይ አሰጣኋቸው። ስመለስ ባዶው ሬዲዮን ያወራል።

«ቆላው ሰላም ነው፤ በሽታው ጠፍቷል።»

ወንዱን ልጄን ጠራሁት። «አዝመራው! የዚህን ሆድ ምን አደረግከው?»

አቀረቀረ። «እማዬ፣ እንቅልፍ አጥተሽ ነበር እኮ። ውስጡን በዜና ነጋሪው ማሽን ቀየርኩት።»

«እህትህስ?»

የመለሰልኝ ሬዲዮኑ ነው።

«እናትነሽ ደኅና ናት» አለኝ።