ልብሽ ንገሪ ሲልሽ

«ስሜትዎን በሚገባ እረዳለሁ፤ አይዞዎት፣ አብረን እንወጣዋለን» አላት ይኸኛውም ተፈታኝ፣ እንደ ቀደሙት ሁሉ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ። ተዋናይቷ ሳቋን ዋጥ አደረገች። ከጠዋት ጀምሮ የገባው ሁሉ ያንኑ ቃል ነው የሚደግምላት፤ ከአንድ ጡት የጠቡ ይመስላሉ። የጠቡትም ከአንድ ነው፤ ቃሉን እቤታቸው ያስጠናቸው ያው እንደ ሰው የሚያወራው ማሽን ነው።

ማሽኑ እዚህም ጠረጴዛው ላይ አለ። የሕክምና ትምህርት ቤቱ ዘንድሮ የመግቢያ ፈተናውን ለውጦታል። «በሽታውን ማሽኑ ያውቀዋል፤ መድኃኒቱንም እሱ ይነግራቸዋል። የቸገረኝ ማንን እንደማስገባ ነው» ብሏት ነበር ሽማግሌው ፕሮፌሰር፣ በሽተኛ ሆና እንድትተውን ሲጠራት። የምትተውናት ደም ግፊቷ አልወርድ ያለ ሴት ናት። ኪኒኑን ይወስዳሉ ወይ ሲሏት «በየቀኑ» ትላለች። ውሸቷን ነው።

«ታዲያ እውነቱን መቼ ልናገር?» ብትለው፣

«ልብሽ ንገሪ ሲልሽ ብቻ፣ እቴጌ» አላት። አንድ ጊዜ መድረክ ላይ እቴጌ ሆና ከሠራች ወዲህ ሌላ ስም የላትም።

ልቧ እስካሁን ትንፍሽ አላለም። ሁሉም የማሽኑን ስክሪን እያዩ የመድኃኒቱን መጠን ጨምረውላት ወጥተዋል።

ቀጥላ የገባችው ረዘም ያለች ልጅ ገና ከመግባቷ ወንበሩን በጉልበቷ መታችው። «ስሜትዎን በሚገባ...» ብላ ጀመረችና ቀሪው ጠፋባት። ፊቷ በርበሬ መሰለ። ግድግዳው ላይ ካለው፣ በአንድ ወገን ብቻ ከሚያሳየው መስታወት ወዲያ ፕሮፌሰሩና ባልደረቦቹ ነጥብ እየሰጡ ነው፤ ተዋናይቷን ልጅቷ አንጀቷን በላቻት።

«ይቅርታ፣ አጥንቼው ነበር» አለች ልጅቷ። ወደ ስክሪኑ ዞር ብላ አነበበች። «መጠኑን ጨምሪላቸው ይለኛል። ግን... ኪኒኑን ይወስዱታል አይደል፣ እማማ?»

«በየቀኑ።»

ልጅቷ ደግማ አልጠየቀቻትም። እጆቿን ጭኗ ላይ አጣመረች።

«አባቴም በየቀኑ ነበር የሚለኝ። እኔው እየሰጠሁት፣ እፊቴ ውሃ እየጠጣበት። ሶፋውን ስናነሳ ኪኒኑ ሥሩ ተከምሮ አገኘነው። ጮህኩበት። ለምን ብዬ ግን አልጠየቅኩትም። አሁን ልጠይቀው ብል እሱ የለም።»

ተዋናይቷ የተሰጣትን ጽሑፍ በቃሏ ታውቀዋለች። እውነቱን ከተናገረች «እየረሳሁት ነው» ማለት ብቻ ነው የሚጠበቅባት።

«አልወስደውም» አለች።

«ለምን?» ልጅቷ ስክሪኑን አላየችም።

«ባለቤቴ ነበር የሚያቀብለኝ። ‹በይ ዋጪ፣ አፍሽን ከፍተሽ አሳዪኝ› እያለ ያስቀኝ ነበር። እሱ ካለፈ ወዲህ ኪኒኑን ሳወጣው ቤቱ ጭር ይልብኛል። ሌላ ጊዜ ብቻዬን መሆኔን እረሳዋለሁ እኮ። መልሼ አስቀምጠዋለሁ።»

 ልጅቷ ወንበሯን ሳብ አድርጋ ተጠጋቻትና ደወሉ እስኪደወል አጠገቧ ተቀመጠች። ሲደወል ግን እንደ ባነነ ሰው ብድግ አለች። «መጠኑን አልነገርኩዎትም! አለቀልኝ፣ ወደቅኩ!» እያለች በሩን ሳትዘጋ ወጣች።

ፕሮፌሰሩ ወዲያው ገባ። «እቴጌ፣ እነዚያ ባልደረቦቼ ልጅቷ ላይ ነጥብ ልንቆርጥባት ነው ይላሉ። እኔን ግን ያስገረመኝ ያንቺ ነው። ያ የባልሽ ነገር ጽሑፉ ላይ የለም፤ ከየት አመጣሽው?»

ልትመልስለት አፏን ከፈተች። መድረክ ላይ አንድም ቀን ቃል ያላጠራት ሴትዮ የምትለው አጣች።

ፕሮፌሰሩ አያት። እስክሪብቶውን ኪሱ ከተተና ወደ መስታወቱ ዞሮ፣ «ልጅቷስ ገብታለች፤ በቃ» አለ። ከዚያ ልጅቷ የተወችው ወንበር ላይ ተቀመጠ።

«አንቺስ? ኪኒኑን ካቆምሽ ምን ያህል ጊዜ ሆነሽ?»

 ተዋናይቷ የግራ እጅጌዋን ወደ ላይ ሰበሰበችና ግፊቷን እንዲለካላት ክንዷን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋችለት።